ከመሪው ላይ የተነሳው ጣት

ክላይቭ ኖስኬ ሞቶ የተገኘው በነጭ የኤሌክትሪክ መኪናው ውስጥ፣ የሾፌሩ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነው። ቀበቶውን አስሯል፣ ባርኔጣውን ደፍቷል፣ መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተዋል። መኪናው ከዋራንዲ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ግድብ ዳር፣ አንድ ዛፍ እንኳን በሌለበት ሜዳ ላይ ቆሟል። ያገኘው ወደ ማምሻው ላይ ዓሣ ሊያጠምድ የወጣ ሰው ነው። ወሩ ጥር ነበር፤ የስንዴው አጨዳ አልቆ ማሳው ላይ ገለባ ብቻ የቀረበት፣ ውሾች ቤት ሥር ገብተው አንወጣም የሚሉበት የበጋው አናት።

መርማሪ ሳጅን ኢሪኒ ቭላሆስ በማግስቱ ጠዋት ከፖርት ኦገስታ ስትደርስ የከተማዋ ብቸኛ ፖሊስ ኮንስታብል ፒም ነገሩን ሁሉ ጨርሶ ጠበቃት። ፒም ሥራ ቶሎ በመጨረስ የሚታማ ሰው ነው።

«በከንቱ ለፉ፣ ሳጅን» አላት። «መጀመሪያ ሙቀት የገደለው መስሎን ነበር። ሐኪሙ ባርኔጣውን ሲያነሳው ግን የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ተሰንጥቋል። ገዳዩን ይዤዋለሁ። የገዛ ወንድሙ ነው፣ ሬክስ።»

«አመነ?»

«ኧረ የት አምኖ! ግን ሌላ ማን ይሆናል? ትናንት ከምሳ ሰዓት ጀምሮ የሚያውቁት ሰዎች ሁሉ የቦውሊንግ ክበቡ ውስጥ ነበሩ። ክላይቭ ደግሞ ከቀትር ትንሽ ቀደም ብሎ መኪናውን ሲነዳ ታይቷል። ያየው ራሱ ሬክስ ነው፤ በገዛ አፉ ነው የነገረኝ። ከዚያ በኋላ ሬክስ የት እንደዋለ የሚመሰክርለት የለም። መሬቱንም የሚወርሰው እሱ ነው።»

«ሐኪሙ ስለ ሰዓቱ ምን አለ?»

«ከረፋድ እስከ ከሰዓት በኋላ ባለው ጊዜ ይሆናል፣ ከዚያ በላይ አላውቅም አለ። በዚህ ሙቀት የተዘጋ መኪና ውስጥ የዋለ ሬሳ አያስታውቅም።»

ኢሪኒ አሁንም ግድቡ ዳር የቆመውን መኪና በር ከፍታ ጎንበስ አለች። የወንበሩን የራስ ማስደገፊያ በጣቷ ዳበሰችው። ጨርቁ ንጹሕ ነው።

«የተሰነጠቀ ጭንቅላት እዚህ ላይ አርፎ አንዲት ጠብታ ደም የለም። የሞተው ሌላ ቦታ ነው፤ አምጥተው ነው ያስቀመጡት። ፒም፣ እነዚህ መኪኖች እኮ የዋሉበትን ከባለቤታቸው በላይ ያውቃሉ። ኩባንያውን ጠየቅከው?»

ፒም ሳቀ። «ይሄኛው ደንቆሮ ነው፣ ሳጅን። ክፍያ የለውም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አራት የዋራንዲ ሰዎች ተባብረው አንድ ዓይነት መኪና በቅናሽ ገዙ፦ ክላይቭ ኖስኬ፣ ዳቦ ቤት ያላት ኖኤላ ፍራም፣ የመድኃኒት ቤቱ ሱኒል ዊክራማ፣ እና አገሩ ሁሉ ባዛ እያለ የሚጠራው ባሪ ትሬጌንዛ። መኪናውን ከቤት ሆኖ በስልክ ማቀዝቀዝ፣ የት እንደቆመ ማየት፣ መንገድ መጠየቅ፣ ሁሉም መጀመሪያ ላይ በነጻ ነበር። ከዚያ ኩባንያው «ከእንግዲህ በየወሩ ካልከፈላችሁ ግንኙነቱ ይቋረጣል» የሚል መልእክት ላከ። ክፍያው ያን ያህል የሚጎዳ አልነበረም፤ ያናደዳቸው ንቀቱ ነው። ባዛ በወጣትነቱ የበግ ሸላቾችን አድማ የመራ ሰው ነው። ክበቡ ውስጥ ጠረጴዛ ደብድቦ ማንም እንዳይከፍል አስማላቸው። የከፈለ ሰው አድማ ሰባሪ ነው ተባለ፤ በዋራንዲ ደግሞ ከዚያ የከፋ ስድብ የለም።

ሬክስ ኖስኬ ፖሊስ ጣቢያው ጓዳ ውስጥ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሰባ ሊሞላው የተቃረበ፣ ፀሐይ ፊቱን ያጠቆረችው ገበሬ ነው። ኢሪኒ ገና ስታየው ግራ ተጋባች። ወንድሙ የሞተበት፣ በዚያ ላይ የታሰረ ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ ግን ደስታ አለ።

«መጨረሻ ያዩት የት ነው?»

«የእህል ጎተራዎቹ ጋ። እኔ ወደ ከተማ ስገባ እሱ ወደ ግድቡ ሲወጣ ተላለፍን። ሰላም አለኝ።»

«ቆሞ አነጋገረዎት?»

«የለም፣ የለም። ጣቱን አነሳልኝ።» ሬክስ መሪ እንደያዘ ሰው እጁን ጨብጦ ጠቋሚ ጣቱን ብድግ አደረገ።

በዚያ አገር መንገድ ላይ ሁለት ሾፌሮች ሲተላለፉ ከመሪው ላይ አንድ ጣት ያነሳሉ። የሚያውቁትም ይሁን የማያውቁት ይነሳለታል። ያልተነሳለት ሰው ቤቱ ገብቶ «ምን አጥፍቼ ይሆን?» ሲል ያመሻል።

«ታዲያ ይሄ ምን ያስደንቃል?» አለች ኢሪኒ።

ሬክስ ወደ በሩ አየ። ፒም እንደሌለ ሲያረጋግጥ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የምነግርሽን ለሰው አታወሪም?»

«ካልተገደድኩ አላወራም።»

«ውሻውን ገደልኩበት።» ዓይኑን ከባርኔጣው ላይ አላነሳም። «በጎቼን የሚቦጫጭቅ አንድ ውሻ ነበር። ጎህ ሲቀድ አድፍጬ ተኮስኩ። ጠጋ ስል የክላይቭ ቲሊ ናት። ልጅ የለውም፤ ልጁ እሷ ነበረች። ደንግጬ ቀበርኳት። መጥቶ ቲሊ ጠፋችብኝ ሲለኝ፣ እንፈልጋታ አልኩት። አብሬው ፈለግኳት እኮ! ማሳ ለማሳ እየዞርኩ፣ ስሟን እየጠራሁ! በኋላ ዝናብ ጣለና አፈሩን አጥቦ አወጣት። መግደሌን ይቅር ይለኝ ነበር። አብሬው መጣራቴን ግን አልቻለም። ከዚያን ቀን ወዲህ አናግሮኝ አያውቅም። መንገድ ላይ ስንተላለፍ እንኳን ጣቱን አንስቶልኝ አያውቅም።»

«ትናንት ግን አነሳ።»

«ትናንት አነሳ!» የሽማግሌው ዓይን በራ። «ይቅር ብሎኛል። እሰሩኝ፣ እንደፈለጋችሁ አድርጉኝ፣ ግድ የለኝም። ይቅር ብሎኝ ነው የሞተው።»

ኢሪኒ አመነችው። የሚዋሽ ሰው ራሱን የሚያሳፍር እንዲህ ያለ ታሪክ አይፈጥርም፤ ለዚያውም ማንም ሳያስገድደው።

ኖኤላ ፍራም የሥጋ ፓይ ከምድጃ እያወጣች ነው የተቀበለቻት። «ሬክስ ገደለው? ፒም ያሞኘሻል! ሬክስ እኮ ዶሮ ለማረድ ጎረቤት የሚለምን ሰው ነው።»

«ከወንድሙ ጋር እንዴት ነበሩ?»

«ሁለቱም ወሬ አይወዱም፤ ግን ይስማማሉ። ባለፈው ሳምንት ክላይቭ ይዞኝ ሲመጣ ሬክስን መንገድ ላይ አገኘነው፣ እንደ ሁልጊዜው ጣቱን አነሳለት።»

ኢሪኒ የያዘችውን ፓይ አፏ ሳታደርሰው ቀረች። «እንደ ሁልጊዜው?»

«ታዲያስ! ወንድሙ አይደለም እንዴ? ባዛም አብሮን ነበር፣ ጠይቂው። ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ በክላይቭ አነዳድ ሲያሾፍ ነው የመጣው።»

«ባዛን ትናንት አይተሽዋል?»

«ክበብ ምሳ ሊወስደኝ ከቀትር በኋላ መጣ። ሎይስ ራሷን አሟት ቤት ቀርታለች አለኝ፤ ሚስቱ ናት። መኪናውን እዚሁ በራፍ ላይ ገትሮ ገባና ቀዝቃዛ ሎሚናት ጠጣ። ዝም አለ ብልሽ ታምኚኛለሽ? ባዛ ዝም! ሙቀቱ ነው ብዬ ተውኩት። ብዙ ቆይተን ወጣን። መኪናው ውስጥ ስገባማ፣ እፎይ! ወንበሩ ቀዝቅዞ...» ኖኤላ ድንገት ንግግሯን አቋረጠች። እስከ አንገቷ ድረስ ቀላች። «ማለቴ፣ ጥላ ሥር ስለነበር ነው።»

ኢሪኒ በመስኮቱ ወደ መንገዱ ተመለከተች። ከዳቦ ቤቱ በር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ድመት የምታርፍበት ጥላ እንኳን የለም። ፓይዋን በልታ ሂሳቧን ከፍላ ወጣች።

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሱኒል ዊክራማ ነጭ ጋውኑን ለብሶ፣ ለባዛ ማለለት። «ከምሳ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ከእኛ አልተለየም፣ ሳጅን። እንዲያውም ሲሸነፍ ነው የዋለው። ጠዋት ደግሞ እኔም ኖኤላም ሥራ ላይ ነበርን፤ ግማሹ ከተማ እዚህ ተሰልፎ...» ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኩ ጮኸ። ኢሪኒ ጽሑፉን ከተቃራኒው በኩል አነበበችው፦ መኪናዎ ቻርጅ ሞልቷል። ሱኒል ስልኩን ገለበጠው።

«ማስታወቂያ ነው» አለ ሳትጠይቀው። «ይረብሻሉ።»

ኢሪኒ ወደ ጣቢያው ተመለሰች። ሬክስ የመጣለትን ሳንድዊች እየበላ ነበር።

«አንድ ነገር ደብቀውኛል» አለችው። «ክላይቭ ጣቱን ያነሳልዎት ነበር። ሰው አብሮት ሲሆን።»

ሬክስ ሳንድዊቹን አስቀመጠ። «ያ ለሰው ዓይን ነው። ሁለት ሽማግሌ ወንድማማቾች በውሻ ተኳርፈዋል እንዳይባል። እኔም አነሳለታለሁ። እሱን ሰላምታ ብዬ አልቆጠርኩትም፤ ከዚያ ሁሉ እሱ ነበር የሚያመኝ። ብቻውን ሲሆን ዓይኑንም አያዞርም።»

«ትናንት ብቻውን ነበር?»

«ብቻውን።»

«ፊቱን አይተውታል?»

ሬክስ ሳንድዊቹን በጣቱ ገፋ አደረገው። «መኪናውን አየሁ። ባርኔጣውን አየሁ። ፀሐዩ መስታወቱ ላይ ነበር።» ቀና ብሎ አያት። «ለምንድን ነው የምትጠይቂኝ?»

ኢሪኒ ሥራዋን ከጀመረች ጀምሮ ብዙ ሰው አስለቅሳለች፤ ብዙዎቹ ይገባቸው ነበር። ይህን ሰው ግን ማስለቀስ አልፈለገችም። «ለማጣራት ያህል ነው» ብላ ወጣች፤ እንዲህ ብላ በመውጣቷም አፈረች።

ከባዛ ትሬጌንዛ ቤት ወደ ግድቡ በመኪና የሚሄድ ሰው በጎተራዎቹ በኩል መዞር አለበት። ኢሪኒ ግን መኪናዋን ግድቡ ዳር ትታ በታጨደው ማሳ መሃል በእግሯ ቆረጠች። ላብ በቅጡ ሳያጠምቃት የባዛ ጓሮ አጥር ጋ ደረሰች።

«በእግርሽ?» ባዛ ከበረንዳው ላይ ጮኸባት። ትከሻው በር የሚሞላ፣ ድምፁ ለአዳራሽ የተሠራ ሰው ነው። «መንግሥት ነዳጅ ጨረሰ? ነይ ውጪ፣ ጥላ አለ!»

ሚስቱ ሎይስ ሻይ ይዛ መጣች። ነጭ ጸጉሯ በጥንቃቄ ተበጥሯል፤ ሸሚዟን ግን ገልብጣ ነው የለበሰችው። ትሪው ላይ አራት ሲኒ አለ።

«አራተኛው ለማን ነው፣ ሎይስ?» አለች ኢሪኒ።

«ለክላይቭ።» ሎይስ ፈገግ አለች። «ትናንት ሻዩን ሳይጠጣ ተኛ። እዚያ ደረጃው ላይ። ባሪ ሊቀሰቅሰው ፈለገ፤ እኔ ተወው፣ ደክሞት ነው አልኩት።»

«ቀልደኛ ናት!» ባዛ ቶሎ ብሎ ሳቀ። «አይደል የኔ ፍቅር? ድሮም እንዲህ ናት።» አራተኛውን ሲኒ ከእጇ ወስዶ ወንበር ሥር አስቀመጠው።

ኢሪኒ ወደ ደረጃው አየች። ከታችኛው ድንጋይ ጎን የቦት ጫማ ጭቃ መፋቂያ ብረት ተተክሏል። በረንዳው፣ ወንበሩ፣ አበባው ሁሉ ቀይ አቧራ ለብሷል። ያ ድንጋይና ያ ብረት ብቻ ታጥበዋል። ከጣሪያ የሚጠራቀም ውሃ ለሰው በማይበቃበት አገር ደረጃ የሚያጥብ ገበሬ የለም።

«ትናንት ጠዋት የት ነበሩ?»

«የበግ ገበያ። መኪናዬን ይዤ በጠዋት ወጣሁ፣ ስመለስ በቀጥታ ኖኤላ ዘንድ።»

«የኩባንያውን ክፍያ ከፍለው ያውቃሉ?»

«እኔ?» ባዛ ጠረጴዛውን ደበደበው፣ ሲኒዎቹ ዘለሉ። «እኔ ከምከፍል መኪናውን በፈረስ ባስጎትት ይሻለኛል!»

«ዛሬ እኔ ልንዳ?» አለች ሎይስ።

«ዛሬ አይሆንም፣ የኔ ፍቅር።» ድምፁ በአንድ ጊዜ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነ። እጁ ሳያውቀው ኪሱ ውስጥ ያለውን ስልክ ዳበሰ። ኢሪኒ ሻይዋን ጨርሳ አመሰገነች። ማሳውን ስታቋርጥ ለኩባንያው ደወለችና የአራቱንም መኪኖች መረጃ በሕግ ጠየቀች።

ክላይቭ በሞተበት ቀን ሊደረግ የነበረው የመኪና ባለቤቶቹ ስብሰባ ወደ ማግስቱ አመሻሽ ተላልፎ ነበር። ኢሪኒ ስብሰባው እንዳይቀር አደረገች። ኖኤላ፣ ሱኒል፣ ባዛና ሎይስ ክበቡ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ከበቡ። ፒም ሬክስን አምጥቶ በሩ አጠገብ አስቀመጠው። ማንም ወደ ሬክስ አላየም፤ ገዳይ ነው ብለው ሳይሆን ምን እንደሚሉት ስላላወቁ ነው።

«ሬክስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ኢሪኒ። «ተገድጃለሁ።»

ስለ ቲሊ ነገረቻቸው። አሳጥራ ነው የነገረቻቸው፤ አብሮ መፈለጉን ግን መዝለል አልቻለችም። የሬክስ አገጭ ደረቱን ነካ።

«እንግዲህ ስሙኝ። ክላይቭ ሰው አብሮት ሲሆን ለወንድሙ ጣቱን ያነሳል። ብቻውን ሲሆን ፈጽሞ። ይህን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ትናንት ከቀትር በፊት በክላይቭ መኪና ውስጥ የነበረው ሰው ብቻውን ነበር፣ ጣቱንም አነሳ።»

«ታርቆት ይሆናላ!» አለ ፒም።

«ታርቆት ከነበረ፣ ሬክስ የታረቀውን ወንድሙን ለምን ይገድላል? ሬክስ ዋሽቶ ከሆነ ደግሞ የሞኝ ውሸት ነው። ክላይቭ እስከ ቀትር በሕይወት ነበር ብሎ የመሰከረው እሱ ብቻ ነው፤ በዚህም ሁላችሁንም አዳነ፣ ራሱን አስጠረጠረ። ስለዚህ ያየው እውነት ነው። ያየው ግን መኪናና ባርኔጣ ነው። ውስጥ የነበረው ክላይቭ አልነበረም።»

ሬክስ ቀና አለ። የሚመጣውን ያወቀ ይመስላል፤ እጁን ሊያስቆማት እንደሚፈልግ ሰው ትንሽ አነሳና ተወው።

«ያ ሰው መታየት አልፈለገም» አለች ኢሪኒ፣ ወደ ሬክስ ሳታይ። «ከታየም ክላይቭን መምሰል ነበረበት። ክላይቭ ሬክስን ሲያገኝ ምን ያደርጋል? ጣቱን ያነሳል። ይህን በዓይኑ አይቷል፤ ምክንያቱም ከክላይቭ ጋር ሲሄድ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር። ያየው ግን ለእሱ ሲባል የተደረገውን ነው። ከኖኤላ ጋር በክላይቭ መኪና የሄደ፣ ክላይቭን ከኋላ ወንበር ያየ ሰው።»

ኖኤላ አፏን በእጇ ያዘች። ባዛ አልተንቀሳቀሰም።

«ክላይቭ ቀደም ብሎ ሞቶ ከነበረ ጥያቄው ከምሳ በኋላ የት ነበራችሁ አይደለም፣ ከምሳ በፊት ነው። ኖኤላ ዳቦ ስትሸጥ፣ ሱኒል መድኃኒት ሲሸጥ ከተማው ሁሉ አይቷቸዋል። ባዛ ግን የበግ ገበያ ነበርኩ አለ። ከግድቡ ቤቱ ድረስ በማሳው ቢቆርጡ ቅርብ ነው፤ ከመኪናው ኋላ አጋድሞ የወሰደውን ክላይቭን የሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ባርኔጣውን መልሶ ደፍቶለት፣ በእግሩ ተመልሶ ኖኤላን ለመውሰድ ጊዜ ነበረው። የደረጃው ድንጋይ ታጥቧል። ሎይስም ክላይቭ እዚያ መተኛቱን ነገረችኝ።»

«ሎይስ የምትለውን አታውቅም!» ባዛ ብድግ አለ። ወዲያው ምን እንዳለ ገባውና ፊቱ አመድ መሰለ። ይህን ቃል በሰው ፊት ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

«ታውቃለች» አለች ኢሪኒ በዝግታ። «ኖኤላ ፀሐይ ላይ የቆመው መኪናዎ ውስጥ ስትገባ ወንበሩ ቀዝቅዞ ነበር። ያልከፈለ ሰው መኪናውን በስልክ አያቀዘቅዝም። የክላይቭ መኪና መሐላውን ስለጠበቀ ምንም አያውቅም። የእርስዎ ግን ያውቃል። ኩባንያው ከአንድ ሰዓት በፊት መልስ ልኮልኛል፤ መኪናዎ ትናንት ጠዋት ከግቢዎ አልወጣም። የበግ ገበያ አልሄዱም።»

ባዛ ተቀመጠ። ያ ሁሉ ትከሻ የት እንደገባ አይታወቅም።

«ትጠፋብኛለች» አለ። «ቁልፉን ብደብቅ ታገኘዋለች። አንድ ቀን ጨው ሐይቁ ዳር ባትሪው አልቆባት አገኘኋት። ‹ጌታዬ፣ ባሌን አይተኸዋል?› አለችኝ። እኔን! ከዚያ ወዲያ ከፈልኩ። የት እንዳለች ስልኬ ላይ አያታለሁ።» ወደ ሎይስ አየ። «ክላይቭ ሻይ ሊጠጣ መጣ። ስልኬ ጮኸ፣ የመኪናውን ኩባንያ መልእክት አነበበው፤ መክፈሌን አወቀ። ‹ዛሬ ማታ አንተ ትነግራቸዋለህ ወይስ እኔ?› አለኝ። ምክንያቱን ብነግረው ኖሮ… አፌ አልታዘዝ አለኝ። ሎይስ እንዲህ ሆናለች ማለት አቃተኝ። ገፋሁት። አንድ ጊዜ ብቻ። ጭንቅላቱ ብረቱ ላይ አረፈ።»

«ለምን አልተጣራህም?» አለ ሱኒል። «ለምን አልደወልክልኝም?»

«ደውዬ ምን ልበል? በምን ተጣላችሁ ብትሉኝስ? ያስማልኳችሁ እኔ! አድማ ሰባሪ ብዬ የምሳደበው እኔ! ምን ዓይን አለኝ?»

ኢሪኒ ወረቀቷን አጠፈች። «ኩባንያው የላከልኝ ስለ እርስዎ መኪና ብቻ አይደለም፣ ባዛ። ስለ አራቱም ነው።» ወደ ኖኤላና ወደ ሱኒል ተመለከተች። «እኔ ባልናገረው ደስ ይለኛል።»

ኖኤላና ሱኒል ተያዩ።

«እኔም እከፍላለሁ» አለች ኖኤላ።

«እኔም» አለ ሱኒል።

ባዛ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ሳምንት» አለች ኖኤላ እያለቀሰች። «ዱቄት ጭኜ ሙቀት ውስጥ መግባት መረረኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

«እኔ የዚያን ዕለት ከዚህ ወጥቼ ቤቴ ሳልደርስ» አለ ሱኒል። «አንተን ፈርቼ ዝም አልኩ።»

«ክላይቭስ?»

«ክላይቭ አልከፈለም» አለች ኢሪኒ። «እሱ ብቻ።»

ሎይስ የባሏን እጅጌ ነካች። «ባሪ፣ ለምን ታለቅሳለህ?» ኖኤላ ተነስታ አጠገቧ ተቀመጠችና የተገለበጠውን ሸሚዟን ኮሌታ አስተካከለችላት። ይህን ሸሚዝ እንደተገለበጠ ስንት ጊዜ አይታ ዝም እንዳለች ታውቃለች።

ፒም ካቴናውን አወጣ። ባዛ እጁን ሰጠ። በሩ ጋ ሲደርስ ሬክስ ፊት ቆመ።

«ሬክስ» አለ። «ያን ቀን ጠዋት ስለ አንተ አንስቶ ነበር። ልታረቀው ነው ብሎኝ ነበር።»

የሁሉም ትከሻ ረገብ አለ። ኢሪኒ ውሸት መሆኑን አወቀች፤ በልቧ ግን ይለፍ አለች።

ሬክስ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨበጠ። «ምን ብሎ? በገዛ ቃሉ ንገረኝ።»

ባዛ አፉን ከፈተ። ሰው ፊት ሆኖ ቃል ያጣበት ቀን ስለሌለ ሁሉም ጠበቁት። ሬክስ ዓይኑን ከከንፈሩ ላይ አልነቀለም።

«አላለም» አለ ባዛ በመጨረሻ፣ አንገቱን ደፍቶ። «ስምህን አላነሳም።»

ሬክስ ራሱን ነቀነቀ። «አዎ» አለ። «ክላይቭ ነዋ።»

ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና፣ ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስሙን እየጠራ አለቀሰ። ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ሰዎች አንዱም ቀና ብሎ ሊያየው አልደፈረም።